ገመዱን ጠይቀው

ሲመሽ የጓማ ወንዝ ሽቅብ ፈሰሰ።
ባሕሩ ደረቱን ገፋው፤ እሱም ወደ ምንጩ ተመለሰ።
በቀን ሁለት ጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤
እኛ ግን ቁልቁል ነው መሄድ የፈለግነው።

ሞተራችን ደካማ፣ ቤንዚናችን ጭላጭ፣
ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ አሥራ ሰባት ቅርጫት፣
አሳኢ የሚሉት የዘንባባ ፍሬ፣
ጥቁር እንደ ዓይን ብሌን፣ የወረደ ዛሬ፤
ነገ ፀሐይ ሳይሞቅ ገበያ ካልደረሰ
ሆምጣጤ ነው በቃ፤ የሰው ድካም ፈሰሰ።

አክስቴ ዙልሚራ አለችኝ «መልህቁን አምጣ።»
መልህቅ ትበለው እንጂ የሞተር ዘንግ ነው፣
ጀልባ ተገልብጦ፣ ከባሏ ጋር ሰምጦ፣
ውሃው ሲሸሽ ጊዜ ብቻውን የወጣ።

በሁለት እጄ አቅፌ እንደ ሕፃን ሰጠኋት።
አልወረወረችም። ቀስ አድርጋ ለቀቀች፣
ክንድ በክንድ፣ ክንድ በክንድ፣
ገመዱ በመዳፏ ሲያልፍ እየቆጠረች።
ሰባት ላይ ብረቱ መሬት ነካ። ቆመች።
ከዚያ ደግሞ ቀጠለች፤
ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት።
«ሰባት ክንድ ውሃ ነው፤ ይሄ ሁሉ ለምን?» አልኳት።
«ያጠረ ገመድ» አለች «መልህቅ ይነቅላል፤
ላላ ካልክለት ግን ተጋድሞ ይይዛል።»
ቀጥሎ ለእኔ ይሁን ለውሃው አልገባኝም፣
«ዴኦዳቶ» አለች «ገመድ ይሰስት ነበር።»

ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ባሕር አዙራ
ተንጠራርታ ቆመች፣ ገመዱን ወጥራ።
በስተግራችን፣ ከዳር ካሉት ዛፎች መሃል፣
የሽማግሌው ዜፌሪኖ ኩራዝ ይታየናል፣
አንዲት ቢጫ ነጥብ።
የካሳቫ ዱቄት በደረቅ ዓሣ በላን።
እሷ ከሞተሩ ጎን፣ እኔ ከቅርጫቱ፣
ትንኙ እየዘፈነ፣ እንቁራሪቱ እየተከራከረ፣ ተኛን።
አንድ ዶልፊን መጥቶ ከጆሮዬ አጠገብ
እንደ ደከመው ሰው አንዴ ተነፈሰ፤ ሄደ።

ስነቃ ጨለማ ነው። ኩራዙ በስተቀኝ።
በስተቀኝ!
ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል፤
እኛን ግን አስተኝቶ ወሰደን ብዬ ጮኽኩኝ፦
«አክስቴ ተነሺ! ተነቅለናል፣ ሌላ ቦታ ነን፣ ኩራዙ...»

አልተነሳችም። በጨለማው ውስጥ እጄን ፈለገች፣
ወስዳም ከገመዱ ላይ አስቀመጠች።
«ኩራዙን ተወው» አለች፤ «ገመዱን ጠይቀው።
ብረቱ ከተጎተተ ይንቀጠቀጣል፣
ድንጋይ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ፤
ከያዘ ዝም ይላል።»

ጠየቅሁት።
እርጥብ ነበር፣ ቀዝቃዛ፣ እንደ ጅማት የተወጠረ፤
ውሃው ሲታከከው አንዲት ቀጭን ድምፅ፣
ከዚያ ወዲያ ዝምታ፣
ታች፣ እስከ ጭቃው።

የዞርነው እኛ ነን። ወንዙ ሐሳቡን ለውጦ
ቁልቁል ይፈስ ጀምሯል፤
ጀልባዋም መሄጃችን በደረሰ ሰዓት
አፍንጫዋን ወደ ቤት አዙራለች።
አክስቴ እጇን ከእጄ ላይ አላነሳችም።
ልቤ ከተመለሰ ቆይቷል፤ አላነሳችም።
ታች ያለውን ነገር ታዳምጥ ነበር።

በስምንት ሰዓት ሳብን። ብረቱ እምቢ አለ፤
ጭቃው ወዶት ነበር።
ተንበርክከን፣ ደግሞ ተንጋለን፣ ደግሞ ተሳድበን፣
ሲላቀቅ ጊዜ የወንዙን ሆድ ለብሶ መጣና
ቅርጫቶቹ ላይ ተራገፈ።

ቤለም ቤተልሔም ማለት ነው፤
እንደ ስሟም ማደሪያ አልነበራትም፤
የጀልባ መቆሚያው ሞልቶ በሰው ጀልባ ላይ ተሻግረን አወረድን።
ነጋዴው ኤቫንድሮ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣
«ጭቃ ጭቃ ይላል» ብሎ ከዋጋው ቀነሰ።

አክስቴ ሳቀች።
ያን ዓመት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።
«ጭቃው ነው እኮ» አለችው «ሌሊቱን የያዘን፤
ጨምርበት እንጂ!»

አልጨመረም።